ነገረ መለኮትና ሥነ ልቦና በሁለተኛ ዲግሪ፦ ከማመልከቻ እስከ ኦርጅናል

ትንሽ ትምህርት ቤት መግባት ቀላል ይመስላል። ሬጅስትራሩ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፤ ስልክ ያነሳል፣ በሁለተኛው ቀን ስማችሁን ያውቃል። ጣጣውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ብዙ ነገር በቃል ያልቃል፣ «ግድ የለም፣ በኋላ ታመጣለህ» ይባላል። በቃል ያለቀውን ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ዲግሪው ሲመረመር የሚያስታውሰው የለም። ይህ መመሪያ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከለቡና ከጀሞ ወዲያ፣ በሰሚትና በአያት በኩል ወይም በቱሉ ዲምቱ መውጫ፣ ነገረ መለኮትና ካውንስሊንግ በአንድ ግቢ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ለመግባት ለሚያስቡ የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ የዲግሪውን ስም እወቁ

ኮርሶቹ ቢመሳሰሉም የሥራ በር የሚከፍተው ወረቀቱ ላይ የሚታተመው ስም ነው። ስለዚህ ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት «ስመረቅ ዲግሪዬ ላይ ቃል በቃል ምን ተብሎ ይጻፋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከተቻለም የቀድሞ ተመራቂ ዲግሪ ኮፒ እንዲያሳዩዋችሁ አድርጉ።

ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ (ኤም ዲቭ) ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚያዘጋጅ ረጅም ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው በአካውንቲንግ ወይም በሲቪል ምሕንድስና የሆነ ሰውም ሊገባበት ይችላል፤ መሠረቱን ከሥር ስለሚጀምር ነው የሚረዝመው። በሰሜን አሜሪካ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ማኅበር መስፈርት ቢያንስ 72 የሴሚስተር ክሬዲት ይጠይቃል፣ ይህም በሙሉ ጊዜ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ማስተር ኦፍ አርትስ በነገረ መለኮት አጠር ይላል፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ማስተር ኦፍ ቲዎሎጂ (ኤም ቲኤች) ደግሞ ቀድሞ ነገረ መለኮት ለተማረና ወደ ዶክትሬት ለሚያስብ ሰው የታሰበ የምርምር ዲግሪ ነው፤ ያለ ግሪክኛ ወይም ያለ ዕብራይስጥ የሚገባበት ሰው ቴሲሱ (የመመረቂያ ጥናቱ) ላይ ይቸገራል። ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ የሚባለው ዲግሪ አይደለም። ለማስተርስ ክሬዲት ይያዝላችሁ እንደሆነ በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ አይያዝም ብላችሁ ተነሡ።

ግራ መጋባቱ የሚብሰው በሥነ ልቦናው በኩል ነው። «ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ»፣ «ክርስቲያናዊ ምክር» እና «ፓስቶራል ካውንስሊንግ» በክፍል ውስጥ ብዙ የጋራ ኮርስ አላቸው። የሥራ ማስታወቂያ ግን «በሳይኮሎጂ፣ በሶሻል ወርክ ወይም በተመሳሳይ ሙያ» ይላል፤ ማመልከቻ የሚያጣራው የሰው ኃይል ሠራተኛም «ክርስቲያናዊ ምክር» የሚለውን ሲያይ ወደ ጎን ሊያደርገው ይችላል። ሐሳባችሁ በአጥቢያችሁ ማገልገል ከሆነ ይህ አያሳስባችሁም። በትምህርት ቤት ወይም መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት ለመቀጠር ካሰባችሁ ግን ሳይኮሎጂ የሚል ቃል ያለበትን ምረጡ። ከሦስቱ አንዱም ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት አያደርግም። በጤና ተቋም ታካሚ ለማየት የጤና ባለሙያ ፈቃድ ስለሚጠየቅ፣ ያ መንገድ የተለየ ሥልጠና ይፈልጋል።

ወደ ውጭ የመሄድ ሐሳብ ያለው ሰው ደግሞ አሁኑኑ ክሬዲት ይቁጠር። በአሜሪካ ካክሬፕ የሚባለው የካውንስሊንግ ፕሮግራሞች እውቅና ሰጪ 60 የሴሚስተር ክሬዲት፣ 100 ሰዓት ፕራክቲከም (በሱፐርቫይዘር ክትትል የሚደረግ የምክር ልምምድ) እና 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ ይጠይቃል፤ ከ600ው ውስጥ 240ው ከተመካሪ ጋር ፊት ለፊት የሚውል ነው። በ36 ወይም በ40 ክሬዲት የሚያልቅ ፕሮግራም መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ እዚያ ሲደርሱ የሚሟላ ብዙ ነገር እንደሚቀር ግን አውቆ መግባት ይሻላል።

ሁለት ዓይነት እውቅና አለ

በአንድ ግቢ ያሉ ሁለት ፕሮግራሞች እውቅናቸው ከተለያየ ቦታ ሊሆን ይችላል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ በቀድሞ ስሙ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ፣ ለግል ተቋማት የሚሰጠው ፈቃድ ለትምህርት ቤቱ በጅምላ አይደለም። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ እንዲሁም ለአሰጣጡ (ለመደበኛ፣ ለማታ፣ ለርቀት) ለየብቻ ነው። በከተማው ዳርቻ ላሉ ትምህርት ቤቶች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ የቤት ኪራይ ሲወደድ ከመሐል ከተማ ወደ ዳር የሚወጡ አሉና። የድሮው ግቢ ፈቃድ አዲሱን ግቢ አይሸፍንም። ግቢው ከወሰኑ ተሻግሮ በ2015 ዓ.ም. በተዋቀረው ሸገር ከተማ ውስጥ ቢወድቅም ፈቃድ ሰጪው ያው የፌደራሉ ባለሥልጣን ነው፤ የምታዩት ደብዳቤው ላይ የሰፈረው የካምፓስ ስም የምትማሩበት ግቢ መሆኑን ነው።

የነገረ መለኮት ፕሮግራሞች ደግሞ ብዙ ጊዜ ምስክርነት የሚያገኙት ከቤተ እምነታቸውና በአፍሪካ የክርስቲያን ነገረ መለኮት ትምህርት ማኅበር ከሚባለው፣ በአጭሩ አክቲያ ከተሰኘው አካል ነው። አክቲያ በ1976 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን ጽሕፈት ቤቱ ናይሮቢ ነው። ይህ እውቅና ለቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በውጭ ሴሚናሪ ለመቀጠል ይጠቅማል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የደረጃ እድገት ለሚጠብቅ ሰው ግን የባለሥልጣኑን ፈቃድ አይተካም። ትምህርት ቤቱ «እውቅና አለን» ሲላችሁ ቀጣዩ ጥያቄያችሁ «ከማን? ለየትኛው ፕሮግራም? እስከ መቼ?» ይሁን። ደብዳቤውን ራሱን እዩ፤ ቀኑንና የሚያበቃበትን ጊዜ አንብቡ፤ ከተፈቀደላችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ባለሥልጣኑ ዘንድ አረጋግጡ። ደብዳቤ ማሳየት የሚያቅማማ ሬጅስትራር ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ብትመለሱ ይሻላል።

ወረቀቶቹ

አብዛኛው ማመልከቻ የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው። የሚፈለገው በጥቅሉ ይታወቃል፦ የመጀመሪያ ዲግሪ ኦርጅናልና ኮፒ፣ ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው ራሱ የሚሰጠው የውጤት ዝርዝር)፣ ከቀድሞው ተቋም በቀጥታ የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ሁለት ወይም ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የአባልነት ወይም የአገልግሎት ደብዳቤ። ከሁሉም የሚያስቸግረው ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ነው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳ አለበት። ዕዳው ካልተከፈለ በእጅ ያለው ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ብቻ ነው፣ ዩኒቨርሲቲውም ኦርጅናሉንና ኦፊሻሉን ይይዛል። ዕዳው ከደሞዝ ሲቆረጥ የቆየ ከሆነ መሥሪያ ቤታችሁ ለገቢዎች ማስገባቱን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ተቆርጦ ያልገባ ገንዘብ ደግሞ እንዳልተከፈለ ነው የሚቆጠረው። ቀሪውን ከፍሎ፣ ከገቢዎች የክፍያ ማረጋገጫ ይዞ፣ ክፍለ ሀገር ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ተጉዞ ኦፊሻል እስኪላክ ሁለት ወር ማለፉ ብርቅ አይደለም። ምዝገባው መስከረም ከሆነ ሥራውን በግንቦት ጀምሩ። ሐምሌና ነሐሴ ሬጅስትራሮች በምረቃ ሥራና በእረፍት መካከል ስለሆኑ ዛሬ ነገ ማለት ይበዛል። ኦፊሻሉ በእጃችሁ ከተሰጣችሁ ፖስታውን አትክፈቱ፤ ማኅተሙ የተቀደደ ፖስታ ስቱደንት ኮፒ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ስም ነው። ኃይሌ በአንዱ ወረቀት በእንግሊዝኛ በ«አይ»፣ በሌላው በ«ዋይ» ተጽፎ ይገኛል፤ አንዳንዱ ላይ የአያት ስም ጭራሽ የለም። ከማመልከታችሁ በፊት የ12ኛ ክፍል ውጤቱን፣ ዲግሪውን፣ ፋይዳውንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ልዩነት ካለ ወረቀቱን የሰጠው ተቋም ያርመው። እሱ ካልሆነ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ሕጋዊ ማስረጃ ከፋይላችሁ ጋር ይያያዝ። ዛሬ ፎርሙ ላይ የጻፋችሁት ፊደል ነገ ዲግሪያችሁ ላይ የሚታተመው ነው።

ዓመተ ምሕረትም ያሳስታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው የሚደመረው፦ ኅዳር 2012 የተመረቀ ሰው በእንግሊዝኛው ፎርም 2019 ይጽፋል፣ ሐምሌ 2012 የተመረቀው ደግሞ 2020። በጭፍን ስምንት የሚደምር ሰው ከራሱ ትራንስክሪፕት ጋር ይጣላል።

በቴክኒክና ሙያ ደረጃ (በሌቭል) በኩል አልፎ ዲግሪ የያዘ ሰው የብቃት ማረጋገጫውን፣ ሲኦሲውን፣ ይያዝ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የተመረቀ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን ማለፉ ይታያል። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የተገኘ ቢ ቲ ኤች (ባችለር ኦፍ ቲዎሎጂ) ከሆነና የምትፈልጉት በባለሥልጣኑ የተፈቀደውን የካውንስሊንግ ማስተርስ ከሆነ፣ ያ ቢ ቲ ኤች ለመግቢያ ይታወቅ እንደሆነ ከባለሥልጣኑ በጽሑፍ ሳትይዙ አንድ ብር አትክፈሉ። ትምህርት ቤቱ ተቀብሎ ሊያስተምራችሁና ሊያስመርቃችሁ ይችላል። ባለሥልጣኑ የማስተርስ ማስረጃ ሲያረጋግጥ ግን የገባችሁበትንም ማስረጃ ያያል፤ ከታች ያለው ደረጃ ከጎደለ ከላይ ያለው አይቆምም። በእኛ ግምት በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ከሚደርሱ ኪሳራዎች ከባዱ ይህ ነው።

ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም አለ፤ ከ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ የትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው ነው። የምታመለክቱበት ፕሮግራም ይጠይቀው እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ፤ ፈተናው የሚሰጠው በተወሰነ ጊዜ ስለሆነ ካመለጠ ሴሚስተሩም አብሮ ያመልጣል።

ጽሑፍና ቃለ መጠይቅ

ሁለት ሦስት ገጽ ስለ ራስ ጻፉ ይባላል። ለነገረ መለኮት የሚያመለክት ሰው የጥሪውንና የአገልግሎቱን ታሪክ ቢጽፍ ያስኬዳል። ለካውንስሊንግ ግን «ሰው መርዳት እወዳለሁ» እና የስብከት ጥቅስ አይበቃም። መራጮቹ የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ እስካሁን ከሰው ችግር ጋር በምን ሥራ እንደተገናኛችሁ፣ የራሳችሁን ቁስል በምን ያህል እርጋታ መናገር እንደምትችሉ፣ የሰው ምስጢር መያዝ እንደምትችሉ። በጽሑፋችሁ የጎረቤትን ወይም የምእመንን ጉዳይ ስም ጠርቶ መተረክ በሦስተኛው ይጥላል። ቃለ መጠይቁም ያንኑ ነው የሚፈትሸው።

የድጋፍ ደብዳቤ ከሚያውቃችሁ መምህር አንድ፣ ከአለቃ አንድ፣ ከአገልጋይ አንድ ይሁን። ሦስቱም ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ከመጡ ዋጋቸው እንደ አንድ ነው። ቁጥር፣ ቀንና ክብ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ቢገባም አይቆጠርም።

ገንዘብ

ክፍያው በክሬዲት ሰዓት ነው ወይስ በሴሚስተር? የቴሲስ፣ የፕራክቲከም ሱፐርቪዥን፣ የምረቃ ክፍያ በውስጡ አለ? ዋጋው በመካከል ቢጨምር ነባር ተማሪን ይመለከታል? እነዚህን ሳትጠይቁ ዓመታዊ ወጪ ማስላት አይቻልም። ቤተ ክርስቲያን ወይም ድርጅት የሚከፍልላችሁ ከሆነ የስፖንሰርሺፕ ደብዳቤው ምን ያህል እጁን፣ ለስንት ሴሚስተር፣ ስፖንሰሩ ቢያቋርጥ ማን እንደሚከፍል ይግለጽ። «እንተባበራለን» የሚል ደብዳቤ ከፋይናንስ ክፍል ፊት ባዶ ወረቀት ነው።

በንግድ ባንክ ወይም በቴሌብር ስታስገቡ የባንኩ ወረቀት ደረሰኝ አይደለም። ወደ ፋይናንስ ወስዳችሁ የትምህርት ቤቱን ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ሁሉንም በአንድ ፋይል አኑሩ። በክሊራንስ ቀን፣ ዕዳ እንደሌለባችሁ በሚጣራበት ጊዜ፣ «የሁለተኛው ሴሚስተር አልገባም» ቢባል የሚያድናችሁ እሱ ነው።

የምዝገባ ሳምንት

ቅደም ተከተሉ ከአማካሪ ወደ ሬጅስትራር፣ ከሬጅስትራር ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ተመልሶ ወደ ሬጅስትራር ነው። ብዙዎች ከፍለው ይሄዱና የመጨረሻዋን ፊርማ ይረሳሉ፤ ስማቸው ከመምህሩ ዝርዝር ላይ ይጠፋል፣ በሴሚስተሩ መጨረሻም ውጤት አይኖራቸውም። የተፈረመበትን የምዝገባ ስሊፕ ሳትይዙ ከግቢው አትውጡ። ኮርስ የመጨመሪያና የመጣያ ጊዜው አጭር ስለሆነ ቀኑን ጻፉት።

ስንት ኮርስ ልያዝ? የ3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 3 ሰዓት፣ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ክፍል ነው። ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት ንባብ ቢታሰብ፣ 9 ክሬዲት የያዘ ሰው በሳምንት 27 ሰዓት ይፈልጋል። ሙሉ ቀን ለሚሠራና ቅዳሜና እሑድ ለሚያገለግል ሰው ይህ ብዙ ነው፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር 6 ይበቃል። በክረምት በብሎክ የሚሰጠው ኮርስ ያው 48 ሰዓት በአሥር ቀን ሲጨመቅ በቀን አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ንባቡ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ካላለቀ አይደረስበትም፤ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የሚነበበውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ።

መንገዱንም እንደ ኮርስ ቁጠሩት። 11፡30 ጀምሮ ምሽት 2፡30 የሚያልቅ ክፍል ከሆነ፣ ጥያቄው በ2፡45 ከዚያ ሰፈር ታክሲ አለ ወይ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት በሥራ ቀን፣ በዚያው ሰዓት አንዴ ሄዳችሁ ተመለሱ። ዳር ላይ ያለ ግቢ ከዋናው አስፋልት ራቅ ካለ ሐምሌ ላይ ጭቃ አለው። አቅጣጫው የሚገጥም ሦስት አራት ተማሪ ተቧድኖ ራይድ መጋራቱ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያቀለዋል።

ውጤትና ማቋረጥ

በድኅረ ምረቃ የተለመደው ዝቅተኛ ድምር ነጥብ 3.00 ነው። ሦስት ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ወስዳችሁ ቢ፣ ቢ፣ ሲ ፕላስ ብታመጡ 2.83 ነው፤ ማስጠንቀቂያ ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር ቢ ፕላስ፣ ቢ፣ ቢ ብታመጡ ልክ 3.00 ትደርሳላችሁ። ሁለት ሲ ግን አንዳንድ ቦታ ነጥቡ ቢሞላም ምረቃ ስለሚከለክል የተማሪ መመሪያውን አንብቡ።

ሥራ ሲበዛ ወይም ሐዘን ሲደርስ ዝም ብሎ መቅረት የተለመደ ስሕተት ነው። በጽሑፍ ያቋረጠ ሰው «ዊዝድሮው» ይጻፍለታል፣ ተመልሶም ይገባል። ዝም ያለ ሰው ኤፍ ይሞላበታል፣ ኤፉም ለዘለዓለም ትራንስክሪፕቱ ላይ ይኖራል። ኢንኮምፕሊት የተሰጣችሁም ብትሆኑ የማሟያው ቀን ካለፈ ወደ ኤፍ ሊለወጥ ይችላልና መምህሩ ፈርሞ ማስገባቱን ራሳችሁ ሬጅስትራር ሄዳችሁ እዩ።

ፕራክቲከም

ለካውንስሊንግ ተማሪ የትምህርቱ ልብ ይኸው ነው። ትምህርት ቤቱ ከማን ጋር የመግባቢያ ሰነድ እንዳለው ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ከሆስፒታል፣ ከትምህርት ቤት፣ ከሕፃናት ወይም ከሴቶች ማረፊያ? «ቦታ ራሳችሁ ፈልጉ» ከተባለ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ቀድማችሁ መሯሯጥ አለባችሁ። በራሳችሁ አጥቢያ መለማመድ ቀላል ቢመስልም አይመከርም፤ ቅዳሜ የመከራችሁት ሰው እሑድ መዘምራን ውስጥ ከአጠገባችሁ ይቆማል፣ እሱም እናንተም ነጻ አትሆኑም።

የሰዓት መዝገቡን በየሳምንቱ አስፈርሙ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ሱፐርቫይዘሩ ሥራ ለቆ ወይም ወደ ውጭ ሄዶ ቢገኝ ያልተፈረመ ሰዓት አልተሠራም። ከተመካሪ ጋር የዋለውን ሰዓት፣ ሪፖርት የተጻፈበትንና ሱፐርቪዥን የተገኘበትን በየአምዱ ለዩ። ድምፅ የሚቀዳው በተመካሪው የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ነው። ቅጂው በቴሌግራም አይላክም፣ ስልክ ላይም አይከርምም።

ቴሲስ

ኮርስ ጨርሳችሁ ቴሲስ ብቻ ሲቀር በየሴሚስተሩ መመዝገብ እንዳለባችሁ አትርሱ፤ ካልተመዘገባችሁ እንዳቋረጣችሁ ትቆጠራላችሁ። በትንሽ ትምህርት ቤት አማካሪው ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ርእስ በሁለተኛው ሴሚስተር ያስመዘገበ ይቀድማል። የሥነ ልቦና ተማሪዎች በኤፒኤ፣ የነገረ መለኮት ተማሪዎች አብዛኛውን በቺካጎ የምንጭ አጠቃቀስ ዘይቤ ነው የሚጽፉት። ሁለቱን የሚያጣምር ርእስ የያዘ ሰው የትኛውን እንደሚከተል ፕሮፖዛሉ ሲጸድቅ ያስወስን። ሰውን የሚጠይቅ ጥናት የሥነ ምግባር ፈቃድና የትብብር ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ መረጃ ከተሰበሰበ በኋላ የሚወጣ ፈቃድ ዲፌንስ ላይ ጣጣ ያመጣል። ከእንግሊዝኛ የተወሰደ መጠይቅ ወደ አማርኛ ከተተረጎመ በኋላ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጉመው። «ድብርት» የሚለው ቃል ለአንዱ በሽታ፣ ለሌላው የሰንበት ማታ ስሜት ነው።

መውጫው ላይ

የምረቃ ዝርዝር ከመውጣቱ አንድ ሴሚስተር በፊት ፋይላችሁን ከሬጅስትራሩ ጋር አብራችሁ ክፈቱ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ገብቷል? የሁሉም ኮርስ ውጤት ሞልቷል? ስሙ እንደ ፋይዳው ነው? ከዚያ የቤተ መጻሕፍት፣ የፋይናንስና፣ ካለም፣ የማደሪያ ክሊራንስ ይከተላል። ቴምፖራሪውን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። የፊደል ስሕተት ከታየ ኦርጅናሉ ሳይታተም ይታረማል፣ ከታተመ በኋላ ግን ወራት ይፈጃል።

ኦርጅናሉን ከያዛችሁ በኋላ ለሥራም ለጉዞም ሳትቸኩሉ በባለሥልጣኑ አረጋግጡት፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ቀጥሎ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አለ። በዚያው ቀን ሦስት የታሸገ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አዝዛችሁ ውሰዱ። ትንሽ ትምህርት ቤት ግቢ ይቀይራል፣ ሬጅስትራሩም ይለወጣል፤ ፋይላችሁ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚያውቀው ሰው ገና ወንበሩ ላይ ሳለ ማስጻፉ ይቀላል።